መጽሐፉን ደብቀሽ ጽሁፉን ትለጥፊያለሽ

የዛሬዋ ጠያቂያችን «ሽፋን ደባቂዋ» ብላ ነው የፈረመችው። ደብዳቤዋ ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ፣ ቃሉ ግን የሷ ነው።

«እትዬ ሰላም ኖት? 33 አመቴ ነው፣ ሒሳብ ክፍል ነው የምሰራው። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ረስታው የሄደችውን የታዳጊዎች ልብወለድ እስቲ አንድ ምእራፍ ልይ ብዬ አንስቼ ሌሊቱን ጨረስኩት፣ ከዛ ወዲህ ያንግ አደልት ከሚባለው ሌላ ማንበብ አቅቶኛል። ግን አፍራለሁ። ቢሮ ይዤው ስሄድ ሽፋኑን በወረቀት እለብጠዋለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ አንድ ባልደረባዬ አይቶት ‹የልጆች መጽሐፍ ነው እንዴ?› ብሎ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ሌላው ደሞ እነዚህን ሳነብ የመጻፍ ፍላጎቴ ተቀሰቀሰ። ልጅ ሆኜ ዲያሪ ነበረኝ፣ አጫጭር ታሪክም እሞክር ነበር፣ ወንድሜ አግኝቶት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ካነበበው በኋላ ተውኩት። አሁን እንደገና ጀምሬ ጥቂት ገጽ ስጽፍ ኦንላይን እለጥፈዋለሁ፣ ሁለት ሶስት ላይክ ያገኛል፣ አንዱ ደሞ ‹ይሄን የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ› ይለኛል፣ በቃ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደብተሩን እዘጋለሁ። ስንት ደብተር አበላሸሁ መሰሎት። ቁምነገር ያላቸውን መጽሐፎች ባነብ ይሻለኝ ይሆን? ዲሲፕሊን ነው የጎደለኝ? ደሞ የድሮ ዲያሪዎቼ ካርቶን ውስጥ አሉ፣ ላቃጥላቸው ወይስ ይቀመጡ?»

የኔ እህት፣ በመጀመሪያ ይሄን የዲሲፕሊን ነገር እንተወው። ሰው ተኝቶ ሳለ ቁጭ ብላ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እስከ ንጋት የምትጨርስ፣ በማግስቱ ደሞ ሒሳብ ክፍል ገብታ ቁጥር የምታመሳክር ሴት ዲሲፕሊን ጎደላት ቢሉኝ አላምንም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳየው አይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ስለ ወንድምሽ አንድ አረፍተነገር ጻፍሽና ምንም እንዳልተፈጠረ አልፈሽው ሄድሽ፣ እኔ ግን የጥያቄሽ ሁሉ መልስ እዛ ጋ ያለ ይመስለኛል። አንቺ ያቆምሽው መጻፍ ስላቃተሽ አይደለም፣ ሰው ስላየብሽ ነው። አሁንም የሚያስቆምሽ እሱ ነው። የሚገርመው ግን ይሄን እያወቅሽ የምታደርጊውን እዪው፣ ማንም ቢያየው ምንም የማይጎዳሽን ነገር፣ ማለትም ታትሞ የተሸጠ የሌላ ሰው መጽሐፍን፣ በወረቀት ትሸፍኛለሽ፣ ገና ያልጠነከረውን፣ ማታ የወጣውን የራስሽን ሶስት ገጽ ደሞ ጠዋት አውጥተሽ ለማታውቂው ህዝብ ትሰጫለሽ! ተገልብጦብሻል። እኔ የምልሽ ነገር በአጭሩ ቦታቸውን ቀይሪያቸው ነው፣ ንባብሽ ወደ ውጪ ይውጣ፣ ጽሁፍሽ ወደ ውስጥ ይግባ።

ከንባቡ ልጀምር፣ እሱ ይቀላል። ያንግ አደልት የሚባለው ምድብ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 አመት ላሉ ልጆች ተብሎ የሚታተም ነው፣ ማን እንደሚያነበው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባውከር የሚባለው የመጽሐፍ ገበያ አጥኚ ድርጅት በፈረንጆቹ 2012 አሜሪካ ውስጥ ያወጣው ጥናት ላይ እነዚህን መጽሐፎች ከሚገዙት ሰዎች 55 በመቶው 18 አመትና ከዛ በላይ ሆነው ነው የተገኙት፣ ብዙውን የገዙት ደሞ ከ30 እስከ 44 ያሉት ናቸው፣ ማለትም ያንቺ እኩዮች። ለልጆቻቸው ገዝተው ነው እንዳትዪ፣ ከነሱ አብዛኞቹ ለራሴ ነው የገዛሁት ብለዋል። ስለዚህ ብቻሽን አይደለሽም፣ እንደውም ብዙሀኑ አንቺ ነሽ።

ደሞ ይሄ «ለልጆች» «ለአዋቂ» የሚለው ክፍፍል ከጸሀፊው ይልቅ የአሳታሚ ስራ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የማርከስ ዙሳክ «ዘ ቡክ ቲፍ» በ2005 አውስትራሊያ ውስጥ ሲወጣ የአዋቂ ልብወለድ ተብሎ ነው የታተመው፣ በአመቱ አሜሪካ ሲገባ ደሞ ያንግ አደልት መደርደሪያ ላይ ወጣ። ታሪኩ ያው ነው፣ ገጸባህሪዎቹ እነዛው ናቸው፣ የተለወጠው መደርደሪያው ነው። እና ባልደረባሽ ያንን መጽሐፍ በአንደኛው ሀገር ይዘሽው ቢያይሽ ቁምነገረኛ፣ በሌላኛው ቢያይሽ ህጻን ልትሆኚ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ምን አይነት ሚዛን ነው?

ሁሉም ጥሩ ነው እያልኩሽ ግን አይደለም፣ እንዳንዋሻሽ። ውስጡ ገለባ የሆነም ሞልቷል፣ አንዷን ልጅ ሁለት ወንዶች የሚያፈቅሯት፣ እሷ የትኛውን ልምረጥ እያለች ሶስት ቅጽ የምትጨርስበት፣ መሀል ላይ ደሞ አለም የምትጠፋበት። እሱንም ቢሆን ደስ ካለሽ አንብቢው፣ ግን ደካማውን ደካማ ነው ማለት ልመጂ፣ ይሄ ለጽሁፍሽ ይጠቅምሻል። አዋቂ የሚባለውም መደርደሪያ ላይ እኮ ገለባ አለ፣ ሽፋኑ ጠቆር ስላለ ነው የሚከበረው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ እነዚህ መጽሐፎች ለምን የመጻፍ ፍላጎትሽን ቀሰቀሱት? እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ። ስለ አንዲት የአስራ ስድስት አመት ልጅ የሚተርክ የአዋቂ ልብወለድ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ነው፣ ተራኪዋ አድጋለች፣ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ታውቃለች፣ ስለዚህ ታዝናለች ወይ ትፈርዳለች ወይ ፈገግ ትላለች። ጥሩ ያንግ አደልት ላይ ግን ተራኪዋ ያን ሰአት ውስጥ ናት፣ ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም፣ ከሷ ላይ ቆሞ «አይ ልጅነት» የሚል ሰው የለም። ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይሽ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት እንግዲህ እንዳትስቂብኝ። አንደኛው እንዲህ ነው፦

«ያን ቀን በእናቴ ላይ በሩን ስዘጋ የምፈልገው መዝጋት እንዳልነበረ፣ እንድታባብለኝ ብቻ እንደነበረ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።»

ሁለተኛው ደሞ፦

«በሩን ዘጋሁት። በደንብ እንዲሰማት አድርጌ ነው የዘጋሁት። ከዛ በሩ ጋ ቆምኩ። እግሯ ይሰማኛል። መጣች። ቆመች። አሁን ታንኳኳለች አልኩ። አላንኳኳችም።»

አየሽ? ሁለተኛዋ ልጅ መባበል እንደምትፈልግ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ራሷም ላታውቀው ትችላለች፣ አንባቢው ግን ያውቃል። የመጀመሪያው መጥፎ አይደለም፣ ግን ነገሩን ፈቶ፣ ተርጉሞ፣ አሽጎ ነው የሚሰጥሽ። አንቺ ስታነቢ ሌሊቱን የወሰደብሽ ይሄ ሁለተኛው ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ስትጽፊ ግን (የላክሽልኝን ቅንጫቢ አይቼዋለሁ) ሁሌ የመጀመሪያውን ነው የምትጽፊው፣ በየአንቀጹ መጨረሻ ላይ ትምህርት አለ፣ በየገጹ «አሁን ሳስበው» አለ። ለምን? ምክንያቱም የምትጽፊው ጮክ ብሎ ሊያነብብሽ የሚችል ሰው እንዳለ እያሰብሽ ነው፣ ሊሳቅብሽ ስለሚችል ቀድመሽ ራስሽን ትስቂባታለሽ፣ ቀድመሽ ትበስያለሽ። የልጅቷን ስሜት ከማውጣትሽ በፊት ይቅርታ ትጠይቂላታለሽ። ስለዚህ ቁምነገር ያለው መጽሐፍ ላንብብ ወይ ላልሽው፣ ይሄ በሽታሽ ላይ ሌላ በሽታ መጨመር ነው፣ ያው ሰው ምን ይለኛል ነው ሌላ ልብስ ለብሶ። ሌላ አይነት መጽሐፍ ስትፈልጊ አንብቢ፣ ግጥምም ታሪክም የህይወት ታሪክም ለቃላት ይጠቅማል፣ ለቅጣት ብለሽ ግን አታንብቢ።

በነገራችን ላይ ይሄ ዘርፍ ራሱ አሁን ያለውን መልክ እንዲይዝ ብዙ ካደረጉት መጽሐፎች አንዱ የተጻፈው በራሷ በታዳጊ ነው። ኤስ ኢ ሂንተን «ዚ አውትሳይደርስ»ን የጀመረችው ሃይስኩል እያለች ነው፣ በ1967 ሲታተም 18 አመቷ ነበር፣ የጻፈችውም በጊዜው ለታዳጊ ተብለው የሚሸጡት መጽሐፎች እሷ በየቀኑ የምታየውን ህይወት ስላላገኘችባቸው ነው። ግን ላንቺ የሚሆነው ከዛ በኋላ የሆነው ነው። መጽሐፉ ስሟን አስጠራው፣ ስሟ ሲጠራ ደሞ መጻፍ አቃታት፣ ሰው ሁሉ ቀጣዩን እየጠበቀ ነው ብሎ ማሰብ እጇን አሰረው። ያወጣት ምን መሰለሽ፣ በኋላ ባሏ የሆነው ጓደኛዋ በቀን ሁለት ገጽ ካልጻፍሽ ማታ አንወጣም አላት። ሁለት ገጽ ብቻ። ሁለተኛው መጽሐፏ በ1971 ወጣ። እኔ ከዚህ ውስጥ የምወደው ሁለት ገጽ የሚለው ነው፣ ጥሩ ሁለት ገጽ አላለም እኮ።

ስለዚህ ያንቺን እንተምን፣ ሁለት ገጽ ደሞ አሁን ላንቺ ይበዛል። ግማሽ ገጽ ይበቃሻል። እውነቴን ነው፣ ከስራ ደክሞሽ ገብተሽ፣ ሞባይልሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ፣ ግማሽ ገጽ። ጥሩ መሆን የለበትም፣ ስለምን እንደሆነ ካጣሽ ዛሬ ቢሮ የሰማሽውን ንግግር እንዳለ ገልብጪው፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሳይመልስ ቀረ። ስትጨርሺ አታንብቢው፣ ዝጊው። ከቻልሽ ደሞ ሀሳቡ ሳያልቅ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ እያወቅሽ አቁሚ፣ በማግስቱ ባዶ ገጽ ላይ ከማፍጠጥ ያድንሻል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ለምን እንደሚቆም ደሞ ላስረዳሽ። አንድ ቀን ትዘልያለሽ፣ ከዛ «አበላሸሁት» ትያለሽ፣ የተበላሸ ነገር ላይ ደሞ ማን ይመለሳል፣ አዲስ ደብተር ትገዣለሽ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ ሰዎች አዲስ ልማድ እንዴት እንደሚይዙ ተከታትለው ነበር፣ ነገሩ ያለማሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ነው የፈጀው፣ ከሰው ሰው ደሞ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል፣ እና ልብ በይልኝ፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም። ስለዚህ አንቺ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ገና መጀመሪያው ላይ ነሽ፣ ወድቄያለሁ የምትይው ገና ፈተናው ሳይመጣ ነው። አዲስ ደብተር መግዛት ክልክል ነው ብዬሻለሁ፣ ያንኑ የተጀመረውን አውጪ፣ ባዶ የተዘለለውን ቀን ምንም ሰበብ ሳትጽፊ ከስሩ ቀጥዪ። ይሄ «ውድ ዲያሪዬ ይቅርታ ጠፋሁብሽ» የሚባለውን ነገር እባክሽ ተይው፣ ደብተር አይኮርፍም።

አሁን ስለ መለጠፉ። በጭራሽ አትለጥፊ አላልኩም፣ ግን መጻፍና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ስራዎች ናቸው፣ አንቺ አንድ አድርገሻቸዋል። አን ፍራንክን ታስታውሺያት የለ፣ በሁለተኛው የአለም ጦርነት ሆላንድ ውስጥ ከናዚዎች የተደበቀችውን አይሁዳዊት ልጅ፣ በ1942 ለ13ኛ ልደቷ የተሰጣት ደብተር ላይ ነው የጀመረችው። በ1944 ግን ተደብቀው ሳለ የሆላንድ ሚኒስትር ከለንደን በሬዲዮ ከጦርነቱ በኋላ የሰዎች ዲያሪና ደብዳቤ ይሰበሰባል ሲል ሰማች፣ ከዛ ነው አንባቢ አስባ ቁጭ ብላ የድሮውን በሌላ ወረቀት እንደገና መጻፍ የጀመረችው፣ የሚወጣውን አወጣች፣ የሚስተካከለውን አስተካከለች። እና የግል ዲያሪውን በጎን አልተወችውም፣ እሱንም መጻፏን ቀጠለች። ሁለት ወረቀት ማለት ነው፣ አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለኛ። ታዲያ የሚያስገርመው ሁለተኛው ወረቀት ጥሩ የሆነው የመጀመሪያው ማንም የማያየው ስለነበረ ነው፣ የምትቆርጪውና የምታስተካክዪው ነገር መጀመሪያ ሳትፈሪ የወጣ መሆን አለበት አደል እንዴ፣ አንቺ ግን እየወጣ እያለ ነው የምትቆርጪው።

ስለዚህ ለጊዜው፣ ቢያንስ ይሄ ደብተር እስኪያልቅ፣ ምንም አይለጠፍ፣ ለቅርብ ጓደኛም አይነበብ። እየጻፍኩ ነው ብለሽም አትናገሪ፣ ካወራሽው በኋላ ሰው «እንዴት ሆነ ያ ነገር» ይልሻል፣ መልስ ፍለጋ መጻፍ ትጀምሪያለሽ። ደብተሩን የሚቆለፍ ቦታ አስቀምጪው፣ በስልክ ከሆነ የምትጽፊው ፓስወርድ አድርጊበት፣ አትፈሪ እያልኩ ልሸነግልሽ አልፈልግም፣ አንዴ የተነበበበት ሰው ቁልፍ ያስፈልገዋል። ቁልፉ ካለ ቀስ በቀስ ፍርሀቱ ይቀንሳል።

«የሆነ ቦታ አንብቤዋለሁ» ያለሽ ሰውዬ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ምናለበት? መጨረሻ ያነበብሽው መጽሐፍ ድምጽ እጅሽ ላይ መቅረቱ የሚጠበቅ ነው፣ በተለይ በአንደኛ መደብ፣ በአሁን ጊዜ፣ በአጭር አረፍተነገር የተጻፈ ነገር ሲነበብ ቶሎ ይጋባል። እንደውም እያወቅሽ አድርጊው። በጣም የወደድሽውን ምእራፍ የመጀመሪያ ገጽ በእጅሽ ገልብጪ፣ በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅ፣ ቀስ ስለሚል ነው። ስትገለብጪ ስታነቢ ያላየሽውን ታያለሽ፣ ልጅቷ ስሟን ስንተኛው መስመር ላይ ነው የነገረችን? ምን እንደምትፈልግ ነገረችን ወይስ ስትፈልግ አየናት? ምእራፉ የሚያልቀው ነገሩ ሲያልቅ ነው ወይስ ሊጀምር ሲል? (አብዛኛውን ጊዜ ሊጀምር ሲል ነው፣ ሌሊቱን ያስጨረሰሽ ተንኮል እሱ ነው።) ከዛ መጽሐፉን ዝጊና ያንን አካሄድ ይዘሽ የራስሽን ቀን ጻፊበት፣ የሷ ትምህርት ቤት ይውጣና ያንቺ ሒሳብ ክፍል ይግባ። መጀመሪያ አስቂኝ ይሆናል፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ የሷ አካሄድ ላንቺ ነገር አልሆን ይላል፣ አረፍተነገሩ ይረዝምብሻል ወይ ያጥርብሻል፣ ያቺ እምቢ ያለችው ቦታ ያንቺ ድምጽ ናት፣ እሷ ጋ ቆዪ። የገለበጥሽውን ወረቀት ግን የራሴ ነው ብለሽ እንዳትለጥፊው፣ እሱማ ሌላ ደብዳቤ ያስጽፈናል።

ባልደረባሽን በተመለከተ፣ ወረቀቱን ከሽፋኑ ላይ አንሺው። አይንሽን በጨው ታጥበሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪው። «የልጆች ነው እንዴ?» ካለሽ «አዎ፣ ስጨርስ ላውስህ?» በይው፣ ፈገግ ብለሽ፣ ምንም ማብራሪያ ሳትጨምሪ። የቅድሙን 55 በመቶ ለሱ እንዳትዘረዝሪለት፣ ሰው የሚስቀው የምትደብቂው ነገር ላይ ነው፣ ካልደበቅሽው ሁለተኛ ቀን ላይ ይሰለቸዋል። ባይሰለቸው ደሞ እሱ ምን ያነባል ብለሽ ጠይቂው፣ እኔ በበኩሌ መልሱን ለመስማት ጓጉቻለሁ።

የእህትሽን ልጅ ግን አትርሻት። ያ መጽሐፍ የሷ ነው አይደል፣ መልሺላትና ስለሱ አውሩ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደተናደደች፣ የቱን ገጽ እንደዘለለች ጠይቂያት። እነሱ እኛ «ደስ ይላል» ብለን የምናልፈውን ነገር «ኧረ ማንም እንዲህ አያወራም» ብለው ይጥሉታል፣ ስለ ታዳጊ መጻፍ ከፈለግሽ ከሷ የተሻለ አርታኢ አታገኚም። እንድትገመግምልሽ ጽሁፍሽን ስጫት ማለቴ አይደለም፣ ስታወራ ስሚያት ነው ያልኩሽ።

ካርቶኑ ውስጥ ስላሉት ዲያሪዎች፣ አታቃጥይ። ስሜት ኖሮኝ አይደለም፣ ስራ ላይ ስለሚውሉ ነው። የአዋቂ ጸሀፊ ስለ አስራ አምስት አመት ልጅ ሲጽፍ ትልቁ ችግሩ እንዴት ትናገር እንደነበር መርሳቱ ነው፣ አንቺ ደሞ የራስሽ ንግግር በራስሽ እጅ ተጽፎ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦልሻል። አሁኑኑ ክፈቺው ግን አላልኩም፣ ያን ቀን ወንድምሽ ያነበበው ገጽም እዛው ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ እሱን ስታገኚው ምን እንደሚሰማሽ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ልብሽ ካልፈቀደ ለአመትም ይቆይ። ስትከፍቺው እርሳስ አትያዢ፣ ፊደል አታርሚ፣ «ምን አይነት ጅል ነበርኩ» አትበይ፣ አሁን ማንም ሰው ልጅቷ ላይ እንዲስቅባት አንፈልግም፣ አንቺንም ጨምሮ። ስትናደድ ምን ቃል ትጠቀም ነበር፣ ስለ ምን ገጽ ሙሉ ትጽፋለች፣ ስለ ምን አንድ መስመር ብቻ ብላ ታልፋለች፣ ይሄን አዲሱ ደብተር ላይ ያዢው። ያቺ አንድ መስመር ብላ ያለፈችው ነገር አሁን ግማሽ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ከወራት በኋላ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ፣ ስላነበብሽውም፣ ባልደረባሽ ስለመለሰልሽም ነገር ሁሉ። ጽሁፍሽን ግን እንዳትልኪልኝ።